ከወስፌ እስከ መርፌ፦ የአርቦሬ ሴቶች ስፌትና ያልተቆጠረው ጊዜ



የእጅ ሥራችንን ለሽያጭ በዘረጋንበት ሁሉ ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ አለች። «ይህን ለመሥራት ስንት ጊዜ ወሰደባችሁ?» ይሉናል። ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች፤ እኛ ግን እርስ በርስ እንተያያለን። አንዷ «ሁለት ወር» ትላለች፤ ሌላዋ «ዝናቡ ሳይገባ የጀመርኩት ነው» ትላለች፤ ሦስተኛዋ ስቃ ታልፋለች። መልስ የሚጠፋው ሥራው የራሱ ሰዓት ስለሌለው ነው። ውሃ ተቀድቶ፣ ማሽላ ተፈጭቶ፣ ልጅ ተኝቶ፣ ከብት እስኪገባ ድረስ ባለችው ክፍተት የሚሠራ ነገር በምን ይለካል? ዋጋ ስንተምን ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀውም በዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የዚያችን ክፍተት ታሪክ ለመጻፍ ወሰንን። መነሻችን አርቦሬ ነው፤ ጉዳዩ ግን ራቅ አድርጎ ይወስደናል፣ እስከ አሜሪካ አላባማ ድረስ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እናንሳ። በአማርኛ «ስፌት» ስንል ሁለት ሥራ እንጠራለን። አንዱ የልብስ ስፌት ነው። ሌላው ስንደዶና አክርማ ይዛ፣ ወስፌ ጨብጣ የተቀመጠች ሴት የምትሠራው የሞሰብ፣ የሰፌድና የሙዳይ ስፌት ነው። «ወስፌ» የሚለው ስም ራሱ ከ«ሰፋ» ጋር ይዛመዳል። ሥራው አንድ ስም ይኑረው እንጂ ዕድሉ አንድ አይደለም። በከተሞቻችን ከሲንጀር መኪና ኋላ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ለሰፋው ሁሉ የታወቀ ዋጋ አለው። የሴቲቱ ስፌት ግን ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ የሚሠራ ስለሆነ እንደ እረፍት ተቆጠረ። የሐረር ሴቶች ግድግዳ ሙሉ የሚሰቅሉት ስፌትም ሆነ በደገኛው አገር በየቤቱ ያለው ሞሰብ በዚህ «እረፍት» ውስጥ የተሠራ ነው። እጁ ሲሠራ የዋለን ሰው «አርፎ ዋለ» የሚሉት ነገር ለእኛ ዛሬም አይገባንም።

በቆላው በኩል ሦስተኛ ስፌት አለ፤ የቆዳና የቅል ስፌት። ከጂንካ ተነስቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ የወረደ፣ ከዚያም ወደ ቱርሚ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው አርቦሬን ያገኛል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ሙቀቱም ብርቱ ነው። የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር ሲወርድ በሚያጥለቀልቀው መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ከብት፣ ፍየልና በግ ይረባል። ጋንደረብ፣ ኩላማ፣ ሙራሌና እጉዴ የሚባሉት መንደሮች ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት ሺህ ነው። ነገር ግን በዙሪያቸው ሐመር፣ ፀማይ፣ ኮንሶ፣ ቦረናና ዳሰነች ስላሉ ቦታው ከጥንት ጀምሮ መገናኛ ነበር። ይህን «መገናኛ» የሚለውን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ቀሚሱ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የአርቦሬ ሴት ቀሚስ የቆዳ ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ ቆዳ የሚዘጋጅበት መንገድ በየሕዝቡ ትንሽ ትንሽ ቢለያይም መሠረቱ ተቀራራቢ ነው። ቆዳው በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ሥጋውና ፀጉሩ ይፋቃል፤ ቅባት እየጠጣ፣ በእጅ እየታሸ እስኪለሰልስ ይደክሙበታል። ከዚያ ወስፌ ይበሳል፤ ጅማት ወይም ቀጭን ጠፍር በቀዳዳው ይከተላል። ጌጡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ ልብ ብላችሁ ብታዩት ለቤት ሴት ኑሮ የተለካ ይመስላል። ቆዳ ማድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ሴቲቱ ግን ቀኖቹን ቆማ አትጠብቃቸውም። ቆዳው ፀሐይ ላይ ሳለ እሷ ውሃ ትቀዳለች። ማሸቱን ጀምራ ብትጠራ ጥላው ሥር ጥላው ትሄዳለች፤ ስትመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የተሰፋው አይፈታም፤ ያልተሰፋው አይበላሽም። አስቸጋሪው ዶቃ መሰካት ነው። እሱ ንፋስና ሕፃን አይወድም። አንዴ ከፈሰሰ አሸዋ ውስጥ ማን ይለቅመዋል!

ቅሉም እንደዚሁ ነው። ወተት የሚታለብበት፣ ውሃ የሚጠጣበት ቅል ሲሰነጠቅ አይጣልም። ስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ ይበሳና በጅማት ወይም በክር ይሰፋል። የተሰፋ ቅል ያየ የውጭ ሰው ድህነት ያይበታል። የእኛ ባለሙያዎች ደግሞ ጥልፉን ያዩበታል፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወርዷል ወይስ ተንጋዷል፣ ብሱ እኩል ነው ወይስ አይደለም ብለው ይፈርዳሉ። ለአንድ ቅል ይህን ያህል መድከም ዛሬ የፕላስቲክ ጆግ በርካሽ በሚገኝበት ዘመን ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ይሁንና የተሰፋው ቅል ከጆጉ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው በቤታችን ያየነው ነው።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። በቆላው ቀሚስና አንገት ላይ ዛጎል አለ፤ ዛጎል ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ለዘመናት በብዛት የተጫነውም ከማልዲቭ ደሴቶች ነው። የመስታወት ዶቃ አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለአፍሪካ ገበያ ዶቃ በብዛት ይሠሩ የነበሩት የጣሊያኗ ቬኒስና የዛሬዋ ቼክ አካል የሆነችው ቦሄሚያ ናቸው። ናስና መዳብ አለ፤ በኋላም አሉሚኒየም መጣ። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ባሕሩን ወገቧ ላይ ታጥቃዋለች ማለት ነው።

እንዴት ደረሰ? ኒል ሶባኒያ የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የነበረውን የልውውጥ መረብ ገልጸዋል። ሕዝቦች በድግስ፣ በረሃብ ጊዜ መረዳዳትና በወዳጅነት የተሳሰሩ ነበሩ፤ ዕቃውም በዚያው ክር ይጓዝ ነበር። አርቦሬ ከመረቡ ዋና ቋጠሮዎች አንዷ ናት። ከምሥራቅ በቦረና በኩል ዶቃ፣ ብረትና ጨርቅ ይመጣል፤ ከዚህ ደግሞ የዝሆን ጥርስና ከብት ይወጣል። ከኮንሶ ደጋ የጥጥ ኩታ ይወርዳል። የእያንዳንዱ ሰው ወዳጅ በሌላው ሕዝብ ዘንድ አለ፤ ቤቱ ያርፋል፣ ዕቃ ያስቀምጣል፣ በችግር ቀን እህል ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ዶቃ እስከ ቀሚስ ለመድረስ ስንት ወዳጅነት አቋርጧል?

እ.ኤ.አ. በ1888 ቴሌኪና ፎን ኸኔል የተባሉ የኦስትሮ-ሀንጋሪ ተጓዦች ጨው ባሕር ደርሰው በአገራቸው ልዕልት ስም «ስቴፋኒ» ብለው ሰየሙት፤ ሐይቁ ግን ስም አልጎደለውም ነበር። እነሱን የመሰሉ ተጓዦች ጭነት ዋነኛው ዶቃ፣ ሽቦና ጨርቅ ነበር፤ የመንገድ ገንዘብ ይኸው ነበርና። በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ሁሉ እያንዳንዱ አካባቢ የሚፈልገው ቀለምና መጠን ነበረው። ያልተፈለገ ዶቃ የጫነ ነጋዴ ይዞት ይመለሳል። እኛን ይህ ነገር እጅግ ያስደስተናል። የቬኒስ ፋብሪካ የትኛውን ቀለም እንደሚያቀልጥ ከሚወስኑት መካከል በቆላ ጥላ ሥር የተቀመጡ፣ «ይህን አልወድም» ያሉ ሴቶች አሉበት።

ስለዚህ ቀሚሱ ልብስ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ጥሪት ነው። ዶቃው ከአሮጌው ተፈትቶ በአዲሱ ይሰካል፤ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። መረቡ ሲበጠስም መጀመሪያ የሚታወቀው በጌጡ ነው፤ ጠብ ሲነሳ ገበያ ይዘጋል፣ ወዳጅ ቤት መሄድ ይቀራል፣ ዶቃም ጨውም አይመጣም። በ1985 ዓ.ም. በአርቦሬ ታላቅ የሰላም ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ከዙሪያው የመጡ በርካታ ሕዝቦች ጦር ቀብረዋል። ኢቮ ስትሬከርና አሉላ ፓንክረስት በፊልም አስቀርተውታል። በዚያ ፊልም ላይ የሚታዩት ንግግር የሚያደርጉት ሽማግሌዎች ናቸው። የሰላሙን ትርፍ በየገበያው የለቀመችው ግን ቅልና ቆዳ ተሸክማ ወደ ጎረቤት ሕዝብ ገበያ የሄደችው ሴት ናት።

ጨርቅ በኋላ የመጣ ነው። በየአገሩ «አቡጀዲ» የተባለው ነጭ የፋብሪካ ጨርቅ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የአሜሪካ ሥሪት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍም «መሪካኒ» ይሉት ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1903 አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። በአርቦሬ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ጥቁሩ ጨርቅ ነው። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ይላጫሉ፤ ያንን እሳት የሚመስል ፀሐይ የሚከላከሉት ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ነው። ጨርቁ ከገበያ ይገዛል። ከላይ፣ በፀማይ አገር፣ በወይጦ ሸለቆ ውስጥ ሰፊ የመስኖ ጥጥ እርሻ ተከፍቷል። ጥጡ በመኪና ከደጃችን ይወጣል፤ ጨርቅ ሆኖ፣ ዋጋ ጨምሮ፣ ከሩቅ ይመለሳል። ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ደግሞ ዩኒፎርም ትለብሳለች። ወስፌ የነበረው እጅ መርፌ ያዘ፤ የእናት ሥራ ቆዳ ማሸት ቀርቶ የተቀደደ ዩኒፎርም መጣፍ ሆነ።

ያ የመሪካኒ ጨርቅ በቀደመው ዘመን የተሠራበት ጥጥ የበቀለው በደቡባዊ አሜሪካ፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን እጅ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ አላባማ የሚያደርሰን። በአላባማ ወንዝ ጥምዝ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የጥጥ እርሻ ነበረች። ነዋሪዎቿ የእነዚያ ባሪያዎች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም ፔትዌይ የሚለውን የጥንት ባለ እርሻ ስም ይዘው ይኖራሉ። የመንደሯ ሴቶች እርሻ ውለው፣ ልጆቻቸውን አብልተው፣ ማታ ማታ እራፊ ጨርቅ እየገጣጠሙ የሚደርቡት ብርድ ልብስ በእንግሊዝኛ «ክዊልት» ይባላል። ከላይና ከታች ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሁሉም በመርፌ ተወግቶ የተያያዘ ነው። ላዩን እያንዳንዷ በቤቷ ብቻዋን ትገጥመዋለች። መደረቡን ግን ተሰብስበው ይሠሩታል፤ እንደኛው ደቦ ማለት ነው። ጨርቁ ከየት መጣ ቢሉ ከአሮጌ ሱሪ፣ ከቀሚስ፣ ከዱቄት ጆንያ ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች እናት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ሁሉ ቆርጣ አንድ ብርድ ልብስ ሠራች። የደበዘዘው ጉልበት፣ ኪሱ የነበረበት ጠቆር ያለ ቦታ፣ ሁሉም ይታያል። ዛሬ ያ ልብስ የታሪክ ቅርስ ነው።

ጂስ ቤንድ የምትነግረን ነገር ግን ከውበት ያለፈ ነው። የመንደሯ ጥቁሮች የመምረጥ መብት መጠየቅ በጀመሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። ለምርጫ የተመዘገቡ ብዙ ቤተሰቦች ከመሬትና ከሥራ ተባረሩ። በ1966 ከዚያው አካባቢ የመጡ ሴቶች ፍራንሲስ ዋልተር ከተባሉ ቄስ ጋር ሆነው የክዊልት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙንም በ«ነፃነት» ጀመሩት። ማኅበሩ መሬት ገዝቶ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ቦታ ሸጠ፤ ለሠራተኞቹ ልጆች መዋያ ከፈተ። በ1972 ሲርስ ከተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል አገኘ። ውሉ ጥብቅ ነበር፤ ሁሉም ትራስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የተረፈውን የኮርዱሮይ ጨርቅ ግን ሴቶቹ እየያዙ ወደ ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ቁርጥራጭ የሠሯቸው ብርድ ልብሶች ከትራሶቹ ሁሉ የበለጠ ስም አገኙ። በ2002 በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም ቀረቡ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዐሥሩን በቴምብር አወጣቸው።

ከዚያ በኋላ ክርክር መጣ። በ2007 ሦስት ሰፊዎች ከሥራዎቻችንና ከንድፎቻችን ሽያጭ ተገቢውን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጉዳዩ በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለመፍረድ አንችልም። ይሁን እንጂ የእጅ ሥራ ዋጋ ከወጣለት በኋላ «ንድፉ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚከተል ከዚህ ተረድተናል። አባሎቻችንም ከወዲሁ ቢያስቡበት ይበጃል።

አማርኛችን ለክዊልት የቀረበ ቃል አለው፤ ድሪቶ። ቁራጭ በቁራጭ ላይ ተደርቶ፣ ጥፍ በጥፍ ተደርቦ የተሠራ ልብስ ነው። ለባሕታዊ ክብር ይሆናል፤ ለሌላው ሰው ግን ስድብ ነው። ጽሑፉ የተዝረከረከበትን ጸሐፊ እንኳ «ድሪቶ ጻፈ» እንለዋለን። ስለዚህ እናቶቻችን ሲጥፉ የኖሩትን ልብስ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ላይ አንስተው ይደብቁት ነበር። አላባማ ሙዚየም የገባው እዚህ ቁም ሣጥን ኋላ ተወሽቋል። ጋቢም ቢሆን በአሠራሩ ከክዊልት ሩቅ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው፣ ዳርና ዳሩ በመርፌ ይያያዛል። ጥጡን ባዝታ፣ ደውራ፣ ፈትላ የምታቀርበው ሴት ናት። ሸማኔው በቁራጭ ይከፈለዋል። ፈታይዋን ስንት ተከፈለሽ ብሎ የጠየቃት አለ?

በአገራችን የሴት መርፌ በአደባባይ የተቆጠረበት ጊዜ አንዱ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ጣሊያን ሲመጣ፣ ልዕልት ፀሐይ በተሳተፉበት ሥራ ለጦር ሜዳ ፋሻና ልብስ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭምብልም አዘጋጅቷል። ትናንት «እረፍት» የተባለው ሥራ በአንድ ጊዜ የአገር መከላከያ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልፍ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

በከተማው ደግሞ የዳንቴል ዘመን ነበር። የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት ኪሮሽ በቦርሳዋ የማትይዝ የከተማ ሴት ጥቂት ነበረች፤ የመንግሥት ሠራተኛዋ በምሳ ሰዓት፣ የቤት እመቤቷ ቡና ላይ፣ ተማሪዋ አልጋዋ ላይ ትሠራለች። ሬዲዮው፣ ሶፋው፣ የውሃ ማሰሮው፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ቀሚስ ለበሰ። አንዳንዶቻችን በዚህ እንስቃለን፤ ሆኖም ብዙ ልጅ ደብተር የተገዛለት በተሸጠ ዳንቴል ነው። በጂንካ ማኅበራችን ውስጥ ዳንቴል የምትሠራዋና ቆዳ የምትሰፋዋ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚለዋወጡት የአያያዝ ዘዴ ነው፤ ቋንቋ ባይገጥም እጅ ይገጥማል።

ዛሬ ያለንበትን በግልጽ እንናገር። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ የሚሄድ ጎብኚ አዲስ ከተሠራው ይልቅ የተለበሰውን፣ ቅባት የጠጣውን፣ አሮጌውን ቀሚስ ይፈልጋል። «እውነተኛ» የሚለው እሱን ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ልጅ ሲታመም፣ ሴት ወገቧ ላይ ያለውን የእናቷን ቀሚስ ፈትታ ትሸጣለች። የሦስት ትውልድ ዶቃ በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ሙዚየም የገባውም ቢሆን በሙሉ ስሙ አልገባም። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊትና በዚያው ዘመን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የላካቸው ቡድኖች ብዙ አጥንተዋል። በጂንካ ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየምም የአካባቢውን ዕቃ ለልጆቻችን አቆይቶልናል፤ ላላያችሁት አባላት መግባቱን እንመክራለን። በየአገሩ ሙዚየም ግን በመለያው ወረቀት ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው የሕዝቡ ስም ነው፤ የሠሪዋ ስም የለም። የጂስ ቤንድ ብርድ ልብሶች ግን የተንጠለጠሉት ከነስማቸውና ከነዓመተ ምሕረታቸው ነው።

አሮጌ ቀሚስ መሸጥ ይከልከል ያሉ አባላት አሉ። እኛ አንስማማም። ንብረቱ የእሷ ነው፤ የልጇን መድኃኒት የሚገዛላት ሌላ ሰው ከሌለ ማንም ሊከለክላት አይገባም። መደረግ ያለበት አዲሱ ሥራ አሮጌውን እስኪያድን ድረስ ዋጋ እንዲያወጣ ነው። ለዚህም በማኅበሩ መዝገብ ላይ አዲስ ዓምድ ከፍተናል። «ስንት ሰዓት ፈጀ» የሚለውን ትተን በየቀኑ በምን በምን መካከል እንደተሠራ እንጽፋለን፦ ከውሃ በኋላ፣ ከወፍጮ በፊት፣ ልጅ ሲተኛ። ቀናቱ ሲደመሩ ዋጋው ከገመትነው እየበለጠ ሲመጣ አይተናል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር በፍቅር እንንገር። የስፌት መኪና ስትለግሱን ደስ ይለናል፤ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን መኪናው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ወደ እሱ ለመምጣት ቤቷን መተው አለባት። ወስፌና መርፌ ግን ወደ ከብቱም ወደ ማጀቱም አብረዋት ይሄዳሉ። ዛሬ የበለጠ የሚያስፈልጉን ጥሩ ክር፣ በውል ዋጋ የሚገዛ ቆዳና ከመሥሪያ ቦታው አጠገብ ልጆች የሚውሉበት ጥላ ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ የመለያ ወረቀቱ ጉዳይ ለድምፅ ይቀርባል። ረቂቁ የሠሪዋን ስም፣ መንደሯን፣ ቆዳው የማን ፍየል እንደሆነ፣ ዶቃው አዲስ ይሁን ወይስ ከእናት የተወረሰ፣ ማን እንዳስተማራት እንዲጻፍ ይጠይቃል። ስሟ እንዲታወቅ የማትፈልግ አባል እንዳትገደድ የሚል ሐሳብ ተጨምሮበታል። የፍየሏ ስም ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።